ለዲቪዲና ለኢንተርኔት የሚሆን የቪዲዮ ሬንደር አመራረጥ

ሬንደር ማለት በኮምፒዩተር ተቆርጦና ተቀጥሎ የተቀነባበረን ምስልና ድምፅ በአንድነት ሊጫወት ወደሚችል ፋይል የመቀየር ሥራ ነው። በደንብ የተቀረጸ ሰርግ ደብዝዞ የሚታየው፣ አልፎ አልፎም በማጫወቻው ላይ ጨርሶ አልከፈት የሚለው፣ ብዙ ጊዜ በዚህ የመጨረሻ ደረጃ በተደረገ የተሳሳተ ምርጫ ምክንያት ነው። ሰርግ፣ ኒካህና ምረቃ ደግሞ ተመልሰው የሚቀረጹ አይደሉም። ስለዚህ የሚከተለው ማብራሪያ ለቪዲዮ ባለሙያው ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ከፍሎ ለሚያሠራው ቤተሰብም ይጠቅማል።

በሰሜን ወሎ ዞን ሀብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ውርጌሳ የተደረገ አንድ ሰርግ በምሳሌነት ይወሰድ። ፊልሙን የሚጠብቁት ሰዎች በየአቅጣጫው ናቸው። የሙሽሪት ወላጆች ቤት ያለው ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ የዲቪዲ ማጫወቻ ነው፤ መርሳና ወልድያ ያሉ ዘመዶች በቴሌግራም ይፈልጉታል፤ ለሥራ ጅዳ የሄደች እህት በዩቲዩብ ታየዋለች፤ አሜሪካ ያለ አጎት ደግሞ ዲስኩ በሰው እጅ እንዲላክለት ይጠይቃል። ለአራቱም እኩል የሚስማማ አንድ ፋይል የለም። አሠሪው ከፎቶ ቤቱ ጋር ሲዋዋል ፊልሙ በምን በምን መሣሪያ እንደሚታይ አስቀድሞ ቢያስታውቅ፣ ከአንዱ ቅንብር ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ፋይል ማውጣት ለባለሙያው የሚከብድ ሥራ አይሆንም።

የዲቪዲ ዝግጅት

ዲቪዲ ጥብቅ ደንብ አለው። ምስሉ በኤምፔግ 2 የተጨመቀ መሆን አለበት። ኢትዮጵያ በምትጠቀምበት የፓል ሥርዓት የምስሉ መጠን 720 በ576 ነጥብ፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። ካሜራው ፉል ኤችዲ ወይም 4ኬ ቢሆንም ዲስኩ ከዚህ መጠን አያልፍም፤ «ኤችዲ ዲቪዲ አድርጉልኝ» የሚል ጥያቄ በተራ ዲቪዲ ሊፈጸም የማይችለው ለዚህ ነው። ለድምፅ 48 ኪሎኸርዝና ዶልቢ ዲጂታል ቢመረጥ ይበቃል።

ዋናው ጉዳይ ቢትሬት ነው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመደበው የመረጃ መጠን ነው። የአንድ ተራ ዲስክ አቅም 4.7 ጊጋባይት ነው። ለማውጫና ለመጠባበቂያ ጥቂት ሲቀነስለት 36,000 ሜጋቢት ያህል ይቀራል፤ ይህ ቁጥር ለፊልሙ ርዝመት በሰከንድ ሲካፈል ትክክለኛው ቢትሬት ይገኛል። የ2 ሰዓት ፊልም 7,200 ሰከንድ ስለሆነ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ይደርሰዋል፤ የድምፁ ድርሻ ሲነሳ ለምስሉ 4.8 ገደማ ይቀራል፤ ይህም መልካም ጥራት ነው። ፊልሙ 3 ሰዓት ከሆነ ግን ለምስሉ የሚተርፈው 3 ሜጋቢት ያህል ብቻ ነው። ሰው ቆሞ ሲናገር ጉድለቱ ላይታወቅ ይችላል። እስክስታው ሲጦፍና አቧራው ሲነሳ ግን ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሰባበራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰርጉን በአንድ ዲስክ፣ መልሱንና ቅልቅሉን በሌላ ዲስክ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል። 8.5 ጊጋባይት የሚይዝ ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክም አለ፤ ነገር ግን አንዳንድ አሮጌ ማጫወቻዎች አያነቡትም። በተቃራኒው ፊልሙ አጭር ቢሆንም ቢትሬቱን ከ8 ሜጋቢት በላይ ማሳደግ አይመከርም፤ የዲቪዲ ደንብ ለምስል የሚፈቅደው ጣሪያ 9.8 ሲሆን፣ በኮምፒዩተር የተቃጠለ ዲስክ ወደዚያ ሲጠጋ ማጫወቻው ሊንተፋተፍ ይችላል።

የምስሉ ቅርጽ 16 ለ9 ተብሎ በግልጽ መመዝገብ አለበት። ይህ ከተዘነጋ ሙሽሮቹ ቀጥነውና ረዝመው ይታያሉ። በድሮ ሚኒ ዲቪ ካሴት የተቀረጸ ነገር በአዲሱ ፊልም ውስጥ ሲገባም የመስመሮቹን ቅደም ተከተል ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ሚኒ ዲቪ የታችኛውን መስመር የሚያስቀድም በመሆኑ፣ የላይኛው እንደሚቀድም ተደርጎ ከወጣ እንቅስቃሴው ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

የኤምፒ 4 ፋይልን እንዲሁ ወደ ዲስክ መገልበጥ ዲቪዲ መሥራት አይደለም። በኮምፒዩተር ቢከፈትም ብዙ የቤት ማጫወቻዎች አያውቁትም፤ ስለሆነም የዲቪዲ ማዘጋጃ ፕሮግራም መጠቀም የግድ ነው።

አሜሪካ ስላለው አጎት፦ በዚያ አገር የተለመደው ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ሲሆን መጠኑ 720 በ480፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 29.97 ፍሬም ነው። ከዚህ የሚላክ የፓል ዲስክ በኮምፒዩተር ቢታይም በብዙዎቹ የአሜሪካ ማጫወቻዎች ላይ አይሠራም። ኢትዮጵያ የቀጠና 5፣ አሜሪካ የቀጠና 1 መሆናቸው ግን በፎቶ ቤት ለሚዘጋጅ ዲስክ አያሳስብም፤ የቀጠና ኮድ ሳይደረግበት ይቃጠላልና። ለእርሳቸው ፍላሽ መላክ ከሁሉም የቀለለ ነው።

ለኢንተርኔት፣ ለስልክና ለፍላሽ

በዚህ በኩል የሚመረጠው በኤች 264 የተጨመቀ ኤምፒ 4 ሲሆን ድምፁ ኤኤሲ ይሆናል። ዩቲዩብ በሰከንድ እስከ 30 ፍሬም ለተቀረጸ ፊልም የሚመክረው ለ1080 መስመር 8 ሜጋቢት፣ ለ720 መስመር 5 ሜጋቢት ነው። የፍሬሙ ፍጥነት በቀረጻው ጊዜ የነበረው ሆኖ መቆየት አለበት። ብዙ ስልኮች ሳይነኩ ሲቀሩ በ30 ፍሬም ይቀርጻሉ፤ ይህ ወደ 25 ሲለወጥ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። ዲቪዲ እንደሚኖር ከታወቀ ከመጀመሪያው በ25 ወይም በ50 መቅረጽ ይገባል። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ ሹተሩ በ1/50 ሲሆን በቤት ውስጥ የአምፖል ብልጭ ድርግም ማለትም ይቀንሳል።

ጥራት በመጫኛ ጊዜ ይከፈልበታል። የ2 ሰዓት ፊልም በ5 ሜጋቢት ሲወጣ 4.5 ጊጋባይት ይሆናል። የመስመሩ ትክክለኛ የመጫን ፍጥነት 2 ሜጋቢት ከሆነ ሥራው 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በ8 ሜጋቢት የወጣው ደግሞ 8 ሰዓት። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ፊልሙን በክፍል በክፍል ለይቶ 720 መስመር አድርጎ መጫን የተሻለ ነው። ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ፊልም በዩቲዩብ ለመጫን አካውንቱ በስልክ ቁጥር የተረጋገጠ መሆን አለበት። ቤተሰቡ ፊልሙን ሁሉም ሰው እንዲያየው ካልፈለገ፣ ሊንኩ ያላቸው ብቻ እንዲከፍቱት የሚያደርገው ምርጫ አለ። በፊልሙ ላይ የታወቀ ዘፈን መጨመር የባለመብቱን ፈቃድ እንደሚጠይቅ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን መመልከት ይቻላል፤ ዩቲዩብም እንዲህ ያለውን ዘፈን ለይቶ ድምፁን ሊዘጋ ወይም ፊልሙን ሊያግድ ይችላል።

በቴሌግራም ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚላክ አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም። የ2 ሰዓት ፊልም ድምፁን ጨምሮ በ2 ሜጋቢት ሲወጣ 1.8 ጊጋባይት ስለሚሆን ለስልክ ይበቃል፤ እንደገና እንዳይጨመቅ «ፋይል» ተብሎ ይላክ። ፍላሽ ሲሆን ሌላ ገደብ አለ፦ በፋት 32 የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ፊልሙን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል።

ሁሉም ፋይሎች መውጣት ያለባቸው ከዋናው ቅንብር ነው። ከዲቪዲው ገልብጦ ዩቲዩብ ላይ መጫን አንድ ጊዜ የጠፋውን ጥራት ዳግም መቀነስ ይሆናል። ፎቶ ቤቶች ቦታ ለማግኘት የቆየ ሥራን ሊያጠፉ ስለሚችሉ፣ አሠሪው በሙሉ ጥራት የወጣውን ዋና ቅጂ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ እንዲሰጠው በውሉ ላይ ማስገባትና በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማስቀመጥ ይኖርበታል። ዲስኮቹ በብዛት ከመቃጠላቸው በፊትም ከፊልሙ ጭፈራው ያለበት 5 ደቂቃ ተቆርጦ ወላጆቹ ቤት ባለው ማጫወቻና ቴሌቪዥን ላይ ይሞከር።