ናኖ ብረታ ብረትና የጣና ዋቅላሚ

በጣራ ገዳም ግርጌ ካለችው አዲስ ዘመን ወደ ወረታ የሚጓዝ ሰው ርብን፣ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ሲቀጥል ደግሞ ጉማራን ይሻገራል። ሁለቱም ወንዞች የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ገበሬው ማሳው ላይ የረጨው፣ ከተሜው አጥቦ የደፋው ሁሉ ማረፊያው ሐይቁ ነው። እዚያ የሚኖረው ቀረሶ የተባለው ዓሣ ደግሞ ዋነኛ ምግቡ ዋቅላሚ፣ ማለትም አልጌ ነው።

ናኖ ቅንጣት የሚባለው ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሚለካ ነገር ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ብር፣ ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ በዚህ መጠን ተሠርቶ ካልሲ እንዳይሸት ይጨመራል፤ ዚንክ ኦክሳይድ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ውስጥ ይገባል፤ መዳብም ለፀረ ፈንገስነት እየተሞከረ ነው። ፎገራ ላይ ተገኘ እያልኩ አይደለም። ሲመጣ በምን እንለካዋለን ነው ጥያቄዬ።

በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ዚንክን በናኖ ኦክሳይድ፣ በተራ ኦክሳይድ ዱቄትና በሚሟሟ ጨው መልክ በዋቅላሚ ላይ ሞከረ። ሦስቱም በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በሊትር 60 ማይክሮ ግራም ዚንክ ገደማ፣ ዕድገቱን በግማሽ ቀነሱት። ጎጂው ከቅንጣቱ የሚሟሟው አዮን ነበር ማለት ነው።

በብር ላይ የተሠራው የ2008ቱ የስዊዘርላንድ ጥናት ግን ለሕግ ሰው ይበልጥ ያስተምራል። በጠቅላላው የብር መጠን ሲሰላ የሚሟሟው የብር ጨው ከናኖው 18 እጥፍ መርዛማ ሆነ። ውሃው ውስጥ በሟሟው አዮን ብቻ ሲሰላ ግን ናኖው ባሰ፤ ምክንያቱም ቅንጣቱ ከዋቅላሚው ጋር ሲገናኝ ተጨማሪ አዮን ይለቃል። የከሳሽ ጠበቃ አንዱን ቁጥር፣ የተከሳሽ ጠበቃ ሌላውን ይዘው ችሎት ቢቆሙ ሁለቱም አልዋሹም።

ጣና ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል አዮኑን ይይዛል፣ ቅንጣቱንም ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ተገላገልን እንዳንል የሐይቁ ጥልቀት በአማካይ ከ10 ሜትር በታች ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ጭቃውን መልሶ ያማስለዋል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በካይን የተረጎመው ፈሳሽ፣ ጠጣር ወይም ጋዝ ብሎ ስለሆነ ናኖውም አያመልጥም። አንቀጽ 11ም ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል፤ ከአዋጁ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ሆኖም አቤቱታ ማስረጃ ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምራቹና አስመጪው የናኖውን መረጃ ለይተው እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ግዴታ ከሌለ ግን ሸክሙ በጣናው ዓሣ አስጋሪ ላይ ይወድቃል፤ እሱ ደግሞ የሟሟውን ብረት ከጠቅላላው ለይቶ የሚለካለት ላቦራቶሪ ከየት ያመጣል?