ጉም ያለበሳቸው ዝርያዎች፦ የሉዞን የደመና ደን አይጦች ምደባና መኖሪያ

በ1895 እንግሊዛዊው የእንስሳት ናሙና ሰብሳቢ ጆን ኋይትሄድ በፊሊፒንስ ትልቋ ደሴት በሉዞን ሰሜናዊ ክፍል፣ ዳታ በተባለ ተራራ ላይ ሰፈረ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኋይትሄድ በይበልጥ የሚታወቀው ወፎችን በመሰብሰብ ነው። ከዳታ ያወረደው የአይጥ ስብስብ ግን በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም አጥቢ እንስሳትን ይመድብ ለነበረው ለኦልድፊልድ ቶማስ ብዙ ሥራ ፈጠረለት። ቶማስ በዚያው ዓመት ሳይንስ ከቶ የማያውቃቸውን በርካታ ወገኖች፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፉ የምደባ ክፍሎች፣ ሰየመ። አፈ ሹሉ ሪንኮሚስ፣ በጀርባው ላይ ፈዛዛ መስመር ያለው ክሮቶሚስ፣ ዛፍ ለዛፍ የሚኖሩት ካርፖሚስና ክራተሮሚስ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከአንድ ተራራ፣ ያውም በአንድ ጉዞ፣ ይህን ያህል አዲስ ነገር ከተገኘ በአጎራባች ተራሮች ላይ ምን ይኖር ይሆን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር። ጥያቄው በቅጡ የተነሣው ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

የደመና ደን የሚበቅለው በሞቃታማው የምድር ክፍል ከፍ ባሉ ተራሮች ላይ ነው። ከባሕር የሚነሣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ጉም ሆኖም በዛፎቹ መካከል ይተኛል። ዝናብ ባይዘንብ እንኳ ቅጠሉ ከጉሙ ውኃ እየለቀመ ወደ መሬት ያንጠባጥባል። ዛፎቹ አጫጭርና ጠማማ ናቸው። ግንዱም ቅርንጫፉም ሞስ በሚባለው እርጥብ አረንጓዴ ልባስ፣ በፈርንና በኦርኪድ ተሸፍኖ እንጨቱ የማይታይበት ጊዜ አለ። ከሥር ደግሞ ቅዝቃዜው የቅጠሉን መበስበስ ስለሚያዘገየው እግር የሚያሰምጥ ለስላሳ ብስባሽ ይከመራል። በቆላው ደን መሬቱን የሚገዙት ጉንዳኖች እዚህ ይመናመኑና ቦታውን የምድር ትል ይወርሰዋል። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ለአይጦቹ ታሪክ ወሳኝ ነው።

በአብዛኛው የእንስሳት ብዛትና ዓይነት ከፍታው በጨመረ መጠን ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። በሉዞን ተራሮች ላይ ትንንሾቹ አጥቢዎች ይህን ተቃርነው ተገኝተዋል፤ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ቁጥራቸውም ዓይነታቸውም ያድጋል፤ የተራራው ደን ከሞሳማው ደን በሚገናኝበት ከፍታ አካባቢም ጫፍ ይደርሳል። ለምን ቢባል አንዱ መልስ ከላይ ያለው የምግብ ጓዳ ነው።

ደሴቲቱ ከእስያ ምድር ጋር ተያይዛ አታውቅም። ስለዚህ የአይጦቹ አያቶች ባሕር አቋርጠው የመጡ ጥቂት እንግዶች ናቸው። ዛሬ የሉዞን አገር በቀል አይጦች አብዛኞቹ በሁለት ጥንታዊ የዘር ሐረጎች ይጠቃለላሉ፤ አንደኛው ዛፍ ላይ ወጣ፣ ሁለተኛው መሬት ላይ ቀረ።

ዛፍ ላይ የወጣው ሐረግ «የደመና አይጦች» የሚባለው ነው። የዚህ ሐረግ አባላት በመጠን እጅግ ይለያያሉ። የሰሜን ሉዞኑ ፍሎዮሚስ እስከ 2.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ቀን ቀን በዛፍ ክፍተት ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሌሊት ለጋ ቅጠል ይቀነጥባል። ክራተሮሚስ ረጅም ጸጉር የለበሰ ጎፍላላ ጅራት አለው። በ2009 ባናሃው ከተባለው ተራራ የተገለጸው ሙሰሮሚስ ግን 20 ግራም እንኳ አይሞላም። የአይጥ ሊቃውንት በጥርስና በራስ ቅል ብቻ ይመድቡ በነበረበት ዘመን እነዚህ እንስሳት የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ለመናገር ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ሻሮን ጃንሳ፣ ኪት ባርከርና ሎረንስ ሂኒ በ2006 ያወጡት የዲ ኤን ኤ ጥናት የደመና አይጦቹ ሐረግ ከብሉይ ዓለም አይጦች ትልቅ ንዑስ ቤተሰብ በጣም ቀድመው ከተገነጠሉት ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አሳየ። እነዚህ እንግዶች ወደ ፊሊፒንስ የገቡት ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ነው፤ የመጠናቸው ልዩነትም እዚያው ደሴቶቹ ላይ የተፈጠረ ነው።

መሬት ላይ የቀረው ሐረግ ደግሞ ትል አዳኝ ሆነ። ሪንኮሚስ ረጅምና ቀጭን አፍ፣ ደቃቃ መንጋጋዎች፣ ጠንካራ የኋላ እግሮች አሉት። በሞሱ መካከል የራሱን ጠባብ መንገድ እየጠረገ እየዘለለ ይሄዳል፤ በመንገዱ ያገኘውን ትል ይለቅማል። ይህን እንስሳ ለመያዝ የተለመደው የወጥመድ ምግብ አይሠራም። በቺካጎው የፊልድ ሙዚየም የሚሠራው ሂኒና ፊሊፒናዊው ዳኒሎ ባሌቴ የመሩት ቡድን ወጥመዶቹን በሁለት ዓይነት ምግብ ነበር የሚያጠምዳቸው። ግማሹ በለውዝ ቅቤ የተለወሰ የተጠበሰ ኮኮናት ሲሆን ግማሹ በሕይወት ያለ የምድር ትል ነው። ኮኮናቱ ፍሬ በሊታዎቹን ይስባል፤ ትል አዳኞቹ ግን ዞር ብለው አያዩትም። ኮኮናት ብቻ ይዞ የወጣ ተመራማሪ በዚያ ተራራ ላይ የሉም ብሎ የሚመለሰው የነበሩትን ነው።

በምደባው ላይ የደረሰው ትልቁ ትርምስም በዚህ መሬት ለመሬት በሚኖረው ወገን ነው። ትል መብላት የተለያዩ አይጦችን ተመሳሳይ መልክ ያስይዛቸዋል፤ አፍ ይሾላል፣ መንጋጋ ያንሳል፣ ዓይን ይጠባል። ቶማስ ሪንኮሚስን ለብቻው ለይቶ ክሮቶሚስን ከአውስትራሊያና ከኒው ጊኒ የውኃ አይጦች ጋር መድቦት ነበር። ኋላ የመጡት ብዙዎች ይህን ተጠራጠሩት። የዘረ መል ጥናት ግን የትል አዳኞቹ ሐረግ በእርግጥም ወደዚያው ወደ አውስትራሊያና ኒው ጊኒ ቅርንጫፍ እንደሚያዘነብል አመለከተ፤ ቶማስ በጥርስና በአጥንት ብቻ ተነሥቶ እውነቱን ነክቶት ነበር ማለት ነው። በአንጻሩ ክሩኖሚስና አርክቦልዶሚስ የተባሉት ሌሎች ሁለት ወገኖች ለረጅም ጊዜ እንደ መንታ ሲታዩ ኖረዋል። አሁን የመጀመሪያው ከደቡብ ምሥራቅ እስያው ከማክሶሚስ ጋር፣ ሁለተኛው ከሉዞን ትል አዳኞች ጋር ተመድቧል። አርክቦልዶሚስ ራሱም አላረፈም፤ በ2012 ከውስጡ ሁለት ዝርያዎች ወጥተው፣ አዳዲስ ዝርያዎች ተጨምረውባቸው፣ ሶሪኮሚስ የተባለ ሌላ ወገን ሆኑ። ተራ የጫካ አይጥ የሚመስለው አፖሚስ ደግሞ በመልኩ ማንም ከትል አዳኞቹ ጋር ባያስጠጋውም ዲ ኤን ኤው ዘመዳቸው ነው አለ።

ከተራራ ተራራ ያለው ርቀት በካርታ ላይ አጭር ነው፤ ለእነዚህ እንስሳት ግን በሁለት ጉማም ጫፎች መካከል ያለው ሞቃት ቆላ እንደ ባሕር ነው። ሪንኮሚስን ለአብነት እንውሰድ። ቶማስ ያወቀው የዳታውን አንዱን ነው። በ1981 የኢሳሮግ ተራራው ተጨመረ፤ በ2007 የባናሃውና የታፑላኦ፣ በ2019 ደግሞ የላቦና የሚንጋን። ከዳታው በስተቀር እያንዳንዱ ስሙን ያገኘው ከሚኖርበት ተራራ ነው። በአፖሚስ በኩል በ2011 አንድ ጥናት ብቻውን ሰባት አዲስ ዝርያዎችን ከሉዞን ገለጸ። የሂኒና የባሌቴ ቡድን በ2000 የጀመረውን የአሥራ አምስት ዓመት ሥራ ሲያጠቃልል ሉዞን በራሪ ያልሆኑ 56 አገር በቀል አጥቢዎች እንዳሏት፣ ከእነዚህም 52ቱ ከሉዞን ሌላ የትም እንደማይገኙ አስታወቀ። ከ56ቱ ግማሾቹ፣ ማለትም 28ቱ፣ የተገኙት በዚያው ጥናት ወቅት ነው።

ጥቁር ጅራቱ ካርፖሚስስ? ኋይትሄድ ናሙናውን ከወሰደ ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ሳያየው ቆይቶ በ2008 ፑላግ በተባለው፣ ቁመቱ ከ2,900 ሜትር በሚበልጠው የሉዞን ከፍተኛ ተራራ ላይ ተያዘ። ከፍታው 2,350 ሜትር ገደማ፣ ቦታው ከመሬት አምስት ሜትር ያህል ሽቅብ፣ ሞስና ኦርኪድ የከመረ አንድ ቅርንጫፍ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን «ጠፋ» የተባለው ወጥመድ መሬት ላይ ብቻ ስለሚነጠፍ ይሆናል የሚለው ግምት ከሌሎቹ ሁሉ ያሳምናል።

ሆኖም የደመና አይጥ የሚለውን ስም አጥብቆ መያዝም ያሳስታል። ፍሎዮሚስ ቆላም ይኖራል። የክራተሮሚስ ዘመዶችም በፓናይ፣ በዲናጋትና በኢሊን ደሴቶች ተገኝተዋል፤ የኢሊኑ የሚታወቀው ከአንድ ናሙና ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው በ2021 የታተመው የቅሪተ አካል ጥናት ነው። ሆሞ ሉዞነንሲስ የተባለው ጥንታዊ ሰው አጥንት በተገኘበት በካላኦ ዋሻና በአካባቢው ከጠፉ ሦስት ግዙፍ የደመና አይጦች የተረፉ ጥርሶችና የአጥንት ስብርባሪዎች ተለዩ። ከእነሱ አንዱ የካርፖሚስ ወገን ነው። በሕይወት ያሉት ካርፖሚሶች ዛሬ ከፍ ካለው ተራራ አይወርዱም፤ ዋሻው ግን ቆላ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ የጠፉት ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን አጥኚዎቹ የሰውን እጅ ይጠረጥራሉ። እንግዲህ ዛሬ የአንድ ዝርያ «ተፈጥሯዊ መኖሪያ» እያልን የምንጽፈው ከፍታ አንዳንድ ጊዜ እንስሳው ወዶ የመረጠው ሳይሆን ተገፍቶ የቀረበት ሊሆን ይችላል። የመኖሪያ ካርታ የሚሥል ሰው ይህን ጥርጣሬ ከእርሳሱ ጋር መያዝ አለበት።

ጠፋ የተባለ አይጥ መልሶ የመገኘቱ ጉዳይ ከፓስፊክ ማዶም አለ። በ1912 የማቹ ፒቹ መቃብሮች ሲቆፈሩ ከሰው አጥንት ጋር የአንድ ትልቅ አይጥ ራስ ቅሎች ተገኙ። ጆርጅ ኢተን በ1916 ዝርያውን ሲገልጽ በሕይወት ያየው ስላልነበረ ለረጅም ዘመን እንደጠፋ ተቆጠረ። በ1997 በፔሩ ቪልካባምባ ተራሮች፣ ከ3,300 ሜትር በላይ፣ ግራጫ ጸጉርና በግንባሩ ነጭ መስመር ያለው ሌላ ትልቅ አይጥ ተገኘ። ሉዊዝ ኤመንስ በ1999 ኩስኮሚስ የሚል አዲስ ወገን አቁማ የማቹ ፒቹውንም እዚያው ከተተችው። በ2009 ደግሞ ከማቹ ፒቹ አጠገብ በደመና ደን ውስጥ የሞተ የመሰለው የኢተን አይጥ በሕይወት ፎቶግራፍ ተነሣ።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የሉዞንን ሥራ የመራው ያው የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም በ1926 እና 1927 ዊልፍሬድ ኦስጉድን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። ቡድኑ ከግልገል ዓባይ ምንጭ አጠገብ፣ በ2,600 ሜትር ገደማ፣ ሰፋፊ የኋላ እግሮችና ውኃ የማያስገባ ጥቅጥቅ ጸጉር ያለው አንድ አይጥ ያዘ። ኦስጉድ በ1928 ኒሎፔጋሚስ ብሎ ሰየመው። ሁለተኛ ናሙና አልተገኘም። በ2020 የታተመ ጥናት ከዚያ አሮጌ ናሙና ባገኘው ዲ ኤን ኤ ተመርቶ እንስሳው የአፍሪካው ወንዝ አዳኝ የኮሎሚስ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አረጋገጠ። የሉዞንን አይጦች የሰየመው ቶማስም በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖረውን የዴስሞሚስን የመጀመሪያ ዝርያ የገለጸ ሰው ነው። ሁለተኛው የዴስሞሚስ ዝርያ የታወቀው በ2003 ነው፤ ሩሲያዊው ሌኦኒድ ላቭሬንቼንኮ ከሸኮ ደን የገለጸው ይህ አይጥ ከወንድሙ ይልቅ ዛፍ መውጣት ይቀናዋል። በደጋው ደን የበዛው ነጭ እግሩ አይጥ ደግሞ ከወገን ወደ ወገን ሲዘዋወር ኖሮ በመጨረሻ የባሌና የሰሜን ውርጫማ ከፍታዎች ነዋሪ ከሆኑት የስቴኖሴፋለሚስ ዝርያዎች ጋር ተመድቧል። በመልክ ከእነሱ ቢለይም በዘሩ የእነሱ ነው።

ባሌ ላይ የሐረና ደን ከቡና ቆላው ተነሥቶ በቀርከሃው በኩል ወደ አስታው ሲወጣ የላይኛው ክፍሉ ከሉዞን ሞሳማ ደን ጋር የሚመሳሰል ጉማም ደን ነው። በሸኮና በሌሎች የምዕራብ ደኖችም ከመሬት በላይ ያለው ሕይወት ገና በቅጡ አልታየም። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ እንስሳት ክፍሎች ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የመስክ ሥራ ሲያቅዱ ከወጥመዶቹ የተወሰኑትን ሞስ በለበሱ ቅርንጫፎች ላይ ቢሰቅሉ፣ ሌሎቹን በምድር ትል አጥምደው በምንጭና በጅረት ዳር ቢያኖሩ፣ የያዙትንም ከነከፍታው፣ ከነዛፉና ከነምግቡ መዝግበው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቢያስቀምጡ ወጪው ብዙ አይደለም። የግልገል ዓባይ ምንጭ አካባቢም ከማንኛውም ቦታ ቀድሞ ሊፈተሽ ይገባዋል፤ ኒሎፔጋሚስ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ የተጻፈ ነው።