ፀረ ተባይ ኬሚካልና የደም ካንሰር፦ ለጅቡቲ ወደብ ሠራተኞች ስጋቱ ምን ያህል ነው?

እአአ በ2002 ከብሪታንያ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ሊሻገር የነበረ መርዛማ ኬሚካል በጅቡቲ ወደብ ከመያዣው አፈትልኮ ፈሰሰ። ጭነቱ ከ200 ቶን በላይ ነበር። መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ የተቀላቀሉበት ይህ ፈሳሽ የኤሌክትሪክና የስልክ ምሰሶዎችን ከምስጥና ከሻጋታ ለመጠበቅ የሚውል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ፍሳሹ ለሰው ጤናም ለአካባቢም አስጊ መሆኑን በዚያው ዓመት አስታውቆ ነበር።

የኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህች ከተማ ነው። ለእርሻ የሚገዛው ፀረ አረምና ፀረ ተባይም እንዲሁ። ኬሚካሉ ገበሬው ማሳ ላይ ከመድረሱ በፊት በወዛደሮች፣ በመጋዘን ሠራተኞችና በከባድ መኪና ሾፌሮች እጅ ያልፋል። እነዚህ ሰዎች ከዓመታት በኋላ የደም ካንሰር ቢይዛቸው ከሥራቸው ጋር ሊያያዝ ይችላል? መልሱ በመጀመሪያ ደረጃ የሚወሰነው በኬሚካሉ ማንነት ነው።

ለምሳሌ በ2002 ከፈሰሰው ኬሚካል ውስጥ አርሴኒክም ሆነ አደገኛው የክሮሚየም ዓይነት ካንሰር አምጪነታቸው የተረጋገጠ ነው። ሆኖም በዋናነት የሚታወቁት በሳንባ ካንሰር፣ አርሴኒክ ደግሞ በቆዳና በሽንት ፊኛ ካንሰርም ጭምር እንጂ በደም ካንሰር አይደለም። መርዝ ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ አያመጣም።

የደም ካንሰር የሚባለውም አንድ በሽታ አይደለም። ሉኪሚያ ደም ከሚመረትበት መቅኔ ይነሣል፤ ሊምፎማ የሰውነትን መከላከያ ሕዋሳትና ዕጢዎች ያጠቃል፤ መልቲፕል ማይሎማ ደግሞ መቅኔ ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካል አምራች ሕዋሳት ሲዛቡ የሚመጣ ነው። ከፀረ ተባይ ጋር በብዛት ስሙ የሚነሣው ሆጅኪን ያልሆነ ሊምፎማ የሚባለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 ሊንዴን የተባለውን ፀረ ተባይ፣ ቀጥሎም ለእንጨት ማከሚያ የሚውለውን ፔንታክሎሮፌኖል፣ ይህን ሊምፎማ እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ጎራ መድቧቸዋል። ማላታዮን፣ ዳያዚኖን፣ ግላይፎሴትና ለወባ መከላከያ ለአሥርት ዓመታት ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ከፍተኛ ነው ተብለዋል። ማላታዮን በ2020 የበረሃ አንበጣን ለመከላከል በኢትዮጵያ ከተረጩት አንዱ ነው።

ምደባው ግን ኬሚካሉ ካንሰር ማምጣት ይችል እንደሆነ እንጂ ለአንድ ሰው ያለውን የአደጋ መጠን አይናገርም። ለዚያ ትልልቅ ጥናቶች ያስፈልጋሉ። በ2019 የታተመና በፈረንሳይ፣ በኖርዌይና በአሜሪካ ከ300 ሺህ በላይ የእርሻ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በአብዛኞቹ ኬሚካሎች ላይ ግልጽ ግንኙነት አላገኘም። ዴልታሜትሪንን በሚጠቀሙት ላይ ግን አንድ ዓይነት ሥር የሰደደ ሉኪሚያ በግማሽ ያህል በዝቶ ታይቷል። በሽታው ራሱ ብርቅ በመሆኑ ከ1,000 ሰዎች አራቱ ይታመሙ የነበረ ቢሆን ስድስት ይሆናሉ እንደማለት ነው። ዴልታሜትሪን በአልጋ አጎበር ላይም ይገኛል፤ አጎበር ሥር የሚተኛ ሰው የሚደርሰው መጠን ግን ኬሚካሉን በጥብጦ ከሚረጨው ጋር የሚወዳደር ስላልሆነ በዚህ ምክንያት አጎበር መተው ስሕተት ነው።

እነዚህ ጥናቶች በገበሬዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። ወዛደር ኬሚካል አይረጭም፤ የሚያሰጋው የተቀደደ ከረጢት፣ የሚያንጠባጥብ በርሜል፣ በጋዝ የታጠነ እህል የያዘ ኮንቴይነር ሳይናፈስ መከፈቱ ነው። በሥራ ላይ ፀረ ተባይ ወደ ሰውነት የሚገባው በአብዛኛው በቆዳ በኩል ሲሆን፣ ሙቀትና ላብ ይህን ያፋጥኑታል። በጅቡቲ በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የጎማ ጓንትና ቱታ ለብሶ መዋል ራሱ ሌላ አደጋ ነው፤ ስለዚህ "መከላከያ ልበሱ" የሚለው ምክር ብቻውን ብዙም አይራመድም። ሥራውን ወደ ሌሊትና ማለዳ ማዞር፣ ውኃና ሳሙና በቅርብ ማኖር፣ ቱታው ቤት ሳይገባ እዚያው እንዲታጠብ ማድረግ ይበልጥ ይረዳል። እኩለ ቀን ላይ ከኢትዮጵያ የሚደርሰው ጫት ባልታጠበ እጅ ሲቃም እጅ ላይ የቀረውን ሁሉ ወደ አፍ ይወስዳል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ማስረጃው ነው። በሽታው ከተጋላጭነቱ አሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ የአንድን ሰው ሊምፎማ ያመጣው ይህ ኬሚካል ነው ብሎ የሚለይ የደም ምርመራም የለም። ፈረንሳይ ችግሩን የፈታችው በሕግ ነው፦ በ2015 ሆጅኪን ያልሆነ ሊምፎማን በፀረ ተባይ ምክንያት የሚመጣ የእርሻ ሠራተኞች የሥራ በሽታ አድርጋ መዘገበች፤ በ2019 ማይሎማንና ሥር የሰደደ ሊምፎይድ ሉኪሚያን ጨመረች። አሥር ዓመት ለኬሚካሉ የተጋለጠ ታማሚ ምክንያቱን በሳይንስ እንዲያስረዳ አይጠየቅም፤ የሥራ ታሪኩን ማሳየት ይበቃዋል። በቀን ሒሳብ የሚሠራ፣ ስሙም ሆነ የተሸከመው ጭነት ያልተመዘገበ ወዛደር ግን ይህንኑ የሚያሳይበት ወረቀት አይኖረውም።

በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት የማይጠፋ ሕመም አልባ ዕብጠት፣ የሌሊት ላብ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ፣ ያለ ምክንያት መድማት ወይም መበለዝ፣ የማይለቅ የአጥንት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል። ምልክቶቹ በቲቢና በሌሎች በሽታዎችም ስለሚታዩ ሐኪሙ ስለ ሥራው ላይጠይቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ምን ዓይነት ጭነት፣ ስንት ዓመት፣ የት እንደሠራ ታማሚው ራሱ ቢናገርና በካርዱ ላይ እንዲጻፍለት ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። የኬሚካሉን ስም ለማወቅ የከረጢቱ ወይም የበርሜሉ ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ቢነሣ በቂ ነው።