«ስክሪፕት ኤረር»፣ መስመር ዜሮ

እንግዲህ ስሙኝ። የአንድ ኦንላይን ሱቅ ነገር ነው። ደንበኛው ዕቃውን መርጦ «ክፈል» የሚለውን ሲጫን ገጹ ንቅንቅ አይልም። ስህተት መከታተያው ላይ የሚደርሰው ደግሞ ይኸው ብቻ፦ «ስክሪፕት ኤረር»፤ መስመር 0፣ አምድ 0። ስታክ ትሬስ የሚባል ነገር የለም።

«ጋሼ፣ ዱካው ጠፍቷል» አለች ወጣቷ ፕሮግራመር።

«አልጠፋም፤ ብሮውዘሩ ነው የከለከለን» አሏት።

እውነታቸውን ነው። ጃቫስክሪፕቱ የሚጫነው ከገጹ ዶሜይን ሳይሆን ከሲዲኤን ነበር። ከሌላ ዶሜይን የመጣ ስክሪፕት ሲሰናከል ብሮውዘሩ ዝርዝሩን ለገጹ አይነግርም፤ ተንኮለኛ ገጽ የሌላውን ፋይል እንደ ስክሪፕት ጠርቶ ከስህተቱ መልእክት የሰው ምስጢር እንዳይለቅም ነው። ብዙ ፕሮግራመር ሲያማርረው እሰማለሁ፤ እኔ ግን ይህን ጥንቃቄ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ፈቃዱን ለማግኘት ሲዲኤኑ «አክሰስ-ኮንትሮል-አላው-ኦሪጂን» የሚለውን ሄደር መመለስ፣ የስክሪፕት ታጉም «ክሮስኦሪጂን» የሚል አትሪቢውት መያዝ አለበት። ሄደሩ ሳይኖር ታጉን የነካ ወዮለት፤ ስክሪፕቱ ጭራሽ አይጫንም! ልጅቷ ሄደሩን አስቀደመች።

ዱካው መጣ። መጥቶስ ምን አለ? መስመር 1፣ አምድ 48211፤ የፈንክሽኑ ስም «ቲ»። ኮዱ ተጨምቆ አንድ መስመር ሆኗላ! እዚህ ላይ ነው ሶርስ ማፕ የሚያስፈልገው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 3ኛው ስሪት ዛሬም ይሠራል፤ ጄሰን ፋይል ነው፣ የተጨመቀው ኮድ እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ፋይል፣ ከየትኛው መስመርና አምድ እንደመጣ ይናገራል።

ማፑን ጫኑ። መከታተያው የጠቆመው ኩፖን የሚያጣራውን ፈንክሽን ነው። ደንበኛው ግን ኩፖን አላስገባም።

ሌላ ሰው ቢሆን ኩፖኑን ሲበረብር ይውል ነበር። እሷ ደንበኛው የሚደርሰውን ፋይል ራሱን ከሲዲኤኑ አወረደች፤ ከቢልዱ ከወጣው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠች። ለየቅል ናቸው! የሲዲኤኑ ፋይል ከፊቱ የቅጂ መብት ማስታወሻ ተለጥፎበታል፣ ያውም እዚያው መስመር ላይ። ማፑ ከተሠራ በኋላ የሚሮጥ ሌላ ስክሪፕት ነው የለጠፈው። በማስታወሻው ርዝመት ልክ አምዱ ሁሉ ተገፍቷል፤ ማፑም የሚያነበው ከእውነተኛው ቦታ ቀጥሎ ያለውን ኮድ ነው። ማንም ስህተት ብሎ አይነግርህም፣ ማፑ ዝም ብሎ ጎረቤቱን ይወነጅላል። ከጠፋ ዱካ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ማስታወሻው ማፑ ከመሠራቱ በፊት እንዲገባ አደረጉ፤ አዲሱን ማፕ ከአዲሱ ሪሊዝ ጋር አብረው ለመከታተያው ሰጡ።

«ጋሼ፣ አገኘሁት! ስልክ ቁጥሩ ‹ናል› ሲሆን ኮዱ ‹ናሉ› ላይ ‹ትሪም› ይጠራል። መክፈል ያቃታቸው በኢሜይል ብቻ የተመዘገቡት ናቸው።»

«በይ አስተካክዪው፤ እኔ ለደንበኞቹ ልጻፍላቸው።»