ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና፤ ከጉዳት የተገኘ ጥቅም

ቴዎዶር ቢልሮት የተባለው ስመ ጥር ሐኪም በጥር 1881 ቪየና ውስጥ ካንሰር የያዘውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ አውጥቶ ቀሪውን ከአንጀት ጋር ሲያጋጥም፣ ሰው ከጨጓራው ከፊሉን አጥቶም መኖር እንደሚችል ታየ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ብዙ የጨጓራ ቁስል ሕመምተኞች በተመሳሳይ መንገድ ታከሙ። ሐኪሞቹም አንድ አሳሳቢ ነገር አስተዋሉ፤ ከታካሚዎቹ አያሌዎቹ ይከሳሉ፣ የቀድሞ ክብደታቸውንም መልሰው አያገኙም። ይህ በዚያን ጊዜ ከሕክምናው ጉዳቶች እንደ አንዱ ይቆጠር ነበር።

ጉዳቱን ወደ ጥቅም የለወጠው በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ኤድዋርድ ሜሰን ነው። በ1966 ከባልደረባው ከቺካሺ ኢቶ ጋር ሆኖ የጨጓራውን የላይኛ ክፍል ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር አገናኘው። የቀረው ጨጓራ በቦታው ይቆያል፤ ምግብ ግን አያልፍበትም። ከእርሱ በፊት፣ በ1950ዎቹ የታሰበው ሌላ ዘዴ ጨጓራውን ሳይነካ አብዛኛውን ትንሹን አንጀት የሚያዘልል ነበር። በእርግጥ ያከሳ ነበር፤ ነገር ግን ብርቱ ተቅማጥን፣ የኩላሊት ጠጠርን፣ አልፎም ገዳይ የጉበት በሽታን ስላስከተለ ኋላ ተተወ። ዛሬም ድረስ ብዙ ሰው ስለዚህ ሕክምና ሲነሳ የሚፈራው፣ ሳያውቀው፣ የዚያን ዘመን ታሪክ ይመስለኛል።

የኋለኞቹ ዘዴዎች፣ ጨጓራውን በቀለበት ማነቁም ሆነ በሚጠብቅና በሚላላ መቀነት ማሰሩ፣ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆሙ ነበሩ፦ ስልቻው ከጠበበ የሚገባበት ያንሳል።

ይህን ሐሳብ ያናወጠው የስኳር በሽታ ነው። በሰሜን ካሮላይና የሚሠራው ዋልተር ፖሪስ በ1995 ባሳተመው ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከነበረባቸው ታካሚዎች የአብዛኞቹ የደም ስኳር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወደ ጤናማው መጠን መመለሱን አስረዳ። ለውጡ በቀናት ውስጥ፣ ሰውነታቸው ገና ሳይከሳ የሚጀምር ነበር። ስልቻ መጥበቡ ብቻ ይህን ሊያደርግ አይችልም። በ1999 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች በአብዛኛው ከጨጓራ የሚመነጨውንና የረሃብን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ግሬሊን የተባለ ሆርሞን አገኙ። ዛሬ በብዛት የሚሠራው፣ ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉን ቆርጦ ጠባብ ቱቦ የሚያስቀረው ዘዴ፣ የዚህን ሆርሞን ዋና ምንጭ አብሮ ያስወግዳል። ምግብ ፈጥኖ ወደ ታችኛው አንጀት ሲደርስም የጥጋብ ሆርሞኖች ይበረታሉ። ከእነዚህ አንዱን የሚያስመስለው ሴማግሉታይድ የተባለ መርፌ ከ2021 ጀምሮ በአሜሪካ ለክብደት መቀነሻ ተፈቅዷል።

በተርጓሚነት ሥራዬ ይህን ጉዳይ ወደ አማርኛ ስመልስ የሚያስቸግረኝ የሆርሞኖቹ ስም አይደለም። «ሆዳም» የምንለው ቃል የሚሰድበው የሰውየውን ጠባይ እንጂ ጨጓራውን አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናውንም የሰነፍ አቋራጭ አድርገን የምናየው ከዚሁ የተነሣ ነው። ከላይ ያየነው ታሪክ ግን ረሃብ ከፈቃድ ውጭ የሚጻፍ መልእክት እንዳለው ያስረዳል።

አቋራጭም አይደለም። በ1991 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ሕክምናውን የፈቀደው የሰውነት ክብደት መለኪያቸው 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ሆኖ ተጓዳኝ በሽታ ላለባቸው ነበር፤ በ2022 የሙያ ማኅበራቱ ወሰኑን 35 ብቻ በማለት ዝቅ አደረጉት። ከታካሚዎቹ ጥቂት የማይባሉት ከዓመታት በኋላ ከጣሉት ክብደት ከፊሉን መልሰው ያገኛሉ። ቪታሚን ቢ12 ወደ ደም ለመግባት የጨጓራ ፈሳሾችን ስለሚፈልግ፣ ታካሚው ተጨማሪ ቪታሚንና ብረት እስከ ዕድሜ ልኩ መውሰድ፣ ደሙንም በየጊዜው ማስመርመር አለበት። ጉበት የቢ12 ስንቅ ስላለው እጥረቱ ወዲያው አይታይም። ባሕር ተሻግሮ የታከመ ሰው አገሩ ተመልሶ፣ ሐኪሙን ረስቶ፣ ራሱን እንደ ዳነ በሚቆጥርበት ጊዜ ነው እጅና እግሩ መደንዘዝ የሚጀምረው።