በሥራ ላይ በመርፌ መወጋት፦ የሠራተኛው ጥበቃና መብት

በሥራ ቦታ የሚያጋጥሙ ሥነ ሕይወታዊ አደጋዎች ከቫይረስ፣ ከባክቴሪያ፣ ከፈንገስና ከጥገኛ ተሕዋስያን የሚመነጩ ሲሆኑ፣ በእርድ፣ በቆዳ፣ በእንስሳት እርባታና በፍሳሽ ማንሳት ሥራዎች ሁሉ ይገኛሉ። በጤና ተቋማት ጎልቶ የሚታየው ግን ጥቅም ላይ በዋለ መርፌ መወጋት ነው።

የሚወጉት ሐኪሞችና ነርሶች ብቻ አይደሉም። ወደ ሴፍቲ ቦክስ ሳይገባ ከተራ ቆሻሻ ጋር የተጣለ መርፌ የጽዳት ሠራተኛውን፣ ልብስ አጣቢዋንና የቆሻሻ ማቃጠያ ሠራተኛውን ይወጋል። ለእነዚህ ሠራተኞች ቀጭኑ የምርመራ ጓንት በቂ ባለመሆኑ ወፍራም የሥራ ጓንትና ቦት ጫማ ሊቀርብላቸው ይገባል።

ኤች አይ ቪ ያለበት ደም በነካው መርፌ ከተወጉ 1,000 ሰዎች በቫይረሱ የሚያዙት 3 ያህሉ ናቸው። ብዙም የማይፈራው ሄፓታይተስ ቢ በዚህ ረገድ እጅግ የከፋ ነው፤ ክትባት ካልወሰዱ 100 ሰዎች ከ6 እስከ 30 የሚሆኑትን ሊይዝ ይችላል። በሽታውን በክትባት መከላከል የሚቻል በመሆኑ ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢከተብ ይመረጣል።

የተወጋ ሠራተኛ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ይጠብ። ደሙን መጭመቅም ሆነ በረኪና ማፍሰስ አይገባም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት መጀመርና ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት።

አደጋው በዕለቱ መመዝገቡና የደም ምርመራ መደረጉ ከሕክምናው ባልተናነሰ ያስፈልጋል። ምርመራው ሠራተኛው በዚያን ዕለት ከቫይረሱ ነፃ እንደነበር ያሳያል፤ ይህ ማስረጃ ከሌለ በኋላ የተገኘው በሽታ ከሥራው የመጣ መሆኑን ማስረዳት ያስቸግራል። በርካታ ሠራተኞች «ትንሽ ጭረት ናት» በማለት ዝም የሚሉ ሲሆን፣ ይህ ዝምታ ሕክምናንም መብትንም ያሳጣል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ስለ አደጋው የማሠልጠን፣ የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ፣ የሥራ አደጋዎችን የመመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ለደረሰው ጉዳት የሚኖርበት ኃላፊነት ጥፋት ባይኖርበትም ይጸናል፤ የሕክምና ወጪውንም ይሸፍናል። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኞችን የማይመለከት በመሆኑ፣ እነርሱ ጥያቄያቸውን በሚተዳደሩበት የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ መሠረት ለተቋማቸው የሰው ሀብት ክፍል ያቀርባሉ።

አሠሪው አደጋውን አልመዘግብም ካለ፣ ሠራተኛው የተወጋበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ እንዲሁም ምስክሮችን በጽሑፍ ይዞ በአቅራቢያው ለሚገኝ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍል ማመልከት ይችላል።