ከካሴት ሽፋን ወደ ፍላሽ፦ በመኪና የሚሰማ ዘፈንና የደራሲዎቹ ስም

ዛሬ የኢትዮጵያ ሾፌር በመኪናው ቴፕ ላይ የሚሰካት ፍላሽ፣ ማለትም ዘፈን በፋይል መልክ የሚጫንባት ትንሽ የመረጃ ማከማቻ፣ የሸክላና የካሴት ተተኪ ናት፤ ይሁን እንጂ ካሴቱ ከዘፈኑ ጋር ይዞት ይጓዝ የነበረውን ሁሉ አልወረሰችም። ሸክላ መኪና በተንገጫገጨ ቁጥር መርፌው ስለሚዘል ለጉዞ የሚመች አልነበረም፤ የአሜሪካው ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1956 የሸክላ ማጫወቻ በመኪና ውስጥ ገጥሞ ቢሸጥም ብዙ ሳይቆይ ትቶታል። በመሆኑም የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ ለገበያ ያቀረባቸው ሸክላዎች የሚደመጡት በመኖሪያ ቤት፣ በመጠጥ ቤትና በሬዲዮ ነበር።

ዘፈንን ከመንገድ ጋር ያገናኘው ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት ሲሆን፣ በኢትዮጵያም በደርግ ዘመን ሸክላን ሙሉ በሙሉ ተክቷል። ካሴት በቀላሉ የሚቀዳ በመሆኑ ሕገ ወጥ ቅጂን ማስፋፋቱ አይካድም፤ ነገር ግን በሙዚቃ ቤት የሚሸጠው ዋናው ካሴት የታተመ ሽፋን ነበረው፤ በሽፋኑም ላይ ከድምፃዊው ፎቶግራፍና ከዘፈኖቹ ርዕስ ጋር የግጥሙ፣ የዜማውና የቅንብሩ (ይኸውም ዜማውን ለመሣሪያዎች የማደላደሉ ሥራ) ባለቤቶች ይጠቀሱ ነበር። ይልማ ገብረአብ በግጥም፣ አበበ መለሰ በዜማ፣ ሮሃ ባንድ በአጃቢነት በሕዝብ ዘንድ በስም የታወቁት ከመድረክ ይልቅ በዚህች ቁራጭ ወረቀት አማካይነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዘፈንን ከካሴት ወደ ፋይል ያሻገረው፣ ኤም ፒ ስሪ የተባለው ድምፅን አጥብቦ የማስቀመጫ ዘዴ ይህን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1995 ያገኘ ሲሆን፣ በተለመደው የጥራት ደረጃ የአንድ ደቂቃ ዘፈን አንድ ሜጋባይት ያህል ቦታ ይፈልጋል። በ2000 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ፍላሾች 8 ሜጋባይት ብቻ ስለሚይዙ ከሁለት ዘፈን እምብዛም አያልፉም ነበር፤ በኋላ የመጣው ባለ 4 ጊጋባይት ግን ከ60 ሰዓት በላይ፣ ማለትም ከስልሳ የስልሳ ደቂቃ ካሴቶች የሚበልጥ ዘፈን ያዘ። የፍላሽ መሰኪያ የሌላቸው አሮጌ መኪኖችም በሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ አነስተኛ የኤፍ ኤም ማሠራጫ እየተገጠመላቸው በሬዲዮናቸው ፍላሽ ማጫወት ቻሉ።

በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ ግን የደራሲው ስም ቦታ አጣ። በ1996 እ.ኤ.አ. የተፈጠረው አይ ዲ ስሪ፣ ማለትም የዘፈኑን ማንነት ለመግለጽ በፋይሉ መጨረሻ የሚለጠፍ 128 ባይት ጽሑፍ፣ ለርዕስ፣ ለድምፃዊና ለአልበም ሠላሳ ሠላሳ ፊደል ሲመድብ ለገጣሚና ለዜማ ደራሲ የተለየ ስፍራ አላበጀም፤ የግዕዝ ፊደልም በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ኋላ የወጡት የአይ ዲ ስሪ ዓይነቶች ለገጣሚውም ለዜማ ደራሲውም ስፍራ ቢሰጡም፣ ብዙ የመኪና ቴፖች የግዕዝ ፊደልን ማሳየት ስለማይችሉ የአማርኛ ርዕሶች በላቲን ፊደል ተጽፈው ወይም በተራ ቁጥር ብቻ ተሰይመው ይጫናሉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ለደራሲ የሥራው አመንጪነት እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት የሰጠው ከካሴት ወደ ፍላሽ የሚደረገው ለውጥ በሚጀምርበት ወቅት ነበር፤ ሆኖም ሙዚቃ ቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ፍላሽ በጅምላ የሚገለበጡት ዘፈኖች አብዛኛውን ጊዜ የድምፃዊውን ስም ብቻ፣ አንዳንዴም እሱንም ሳይዙ ወደ መኪናው ይገባሉ።